ታሊስና ማክሚላን በአንድ ማታ፦ የኳየር ሥራ ማስታወሻ

ኦገስት መጨረሻ፦ ዝርዝሩ

ግላስጎው ውስጥ በአንዲት ትንሽ አማተር ኳየር (የመዘምራን ቡድን) ባስ፣ ማለትም ዝቅተኛውን የወንድ ድምፅ፣ እዘምራለሁ። ኖታ ማፈላለግ፣ ማከፋፈልና መልሶ መሰብሰብም የእኔ ድርሻ ነው። ሙሉ ስንሆን ከ20 ሰው ብዙም አንበልጥም። ዘንድሮ ለገና ሰሞን ያሰብነው የ16ኛውን ክፍለ ዘመን ፖሊፎኒ (የተለያዩ ዜማዎች አብረው የሚሄዱበት ዝማሬ) በእኛ ዘመን ከተጻፉ መንፈሳዊ ሥራዎች ጋር እያጣመርን ማቅረብ ነው። መሣሪያ የለም፤ ድምፅ ብቻ። (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

መሪያችን ያመጣችው የመጀመሪያ ዝርዝር ይህን ይመስላል። የስፔኑ ቶማስ ሉዊስ ዴ ቪክቶሪያ በ1572 ያሳተመው «ኦ ማግኑም ሚስቴሪየም»፣ ከጎኑ አሜሪካዊው ሞርተን ሎሪድሰን በዚያው የላቲን ጽሑፍ ላይ በ1994 የሠራው። የእንግሊዙ ሮበርት ፓርሰንስ «አቬ ማሪያ»፣ ከጎኑ የኤስቶኒያው አርቮ ፔርት «ቦጎሮዲጼ ጄቮ»። የቶማስ ታሊስ «ኦ ናታ ሉክስ»፣ ከጎኑ የስኮትላንዱ የጄምስ ማክሚላን «ኦ ሬዲያንት ዶውን»። ማሳረጊያው የሮበርት ካርቨር «ኦ ቦኔ ዬሱ»።

ካርቨር ገና ከመጀመሩ አስቸገረን። በስኮን ገዳም የኖረ የስኮትላንድ ሰው ነው። ሥራዎቹ ያሉበት ትልቅ የእጅ ጽሑፍ ኤድንብራ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። በ1560 የፕሮቴስታንት ተሐድሶው ሲመጣ አብዛኛው የአገሪቱ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ስለጠፋ ይህ መጽሐፍ ብርቅ ነው። «ኦ ቦኔ ዬሱ» ግን የተጻፈው ለ19 ድምፅ ነው። 19 የተለያየ መስመር! ለአንድ መስመር አንድ ሰው ቢደርሰን ነው። አንዱ ከቀረ አንድ ድምፅ ጠፋ ማለት ነው። ዲሴምበር ላይ ደግሞ ግላስጎው ውስጥ ጉንፋን የማይዘው ሰው የለም። ይቅር ተባለ፤ በምትኩ የፔርት «ማግኒፊካት» ገባ። የእኛ «ታዐብዮ ነፍስየ ለእግዚአብሔር» ማለት ነው፤ ጽሑፉን ከልጅነቴ ስለማውቀው ደስ አለኝ።

እኔን ያልተዋጠልኝ ሌላ ነገር ነው። ቪክቶሪያና ሎሪድሰን የተጣመሩት ጽሑፋቸው አንድ ስለሆነ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ያምራል። ጆሮ ላይ ያምር እንደሆነ ገና እናያለን።

ሴፕቴምበር፦ ኖታና ገንዘብ

የድሮዎቹ ነፃ ናቸው። እዚህ አገር ደራሲው ከሞተ 70 ዓመት ካለፈ የቅጂ መብት የለም፤ ቪክቶሪያ የሞተው በ1611 ነው። ከ1998 ጀምሮ የሚሠራው ሲፒዲኤል የሚባል የኢንተርኔት የኳየር ኖታ ማከማቻ አለ። የፈለግናቸውን ሁሉ እዚያ አገኘናቸው። ነፃ ነው ማለት ግን ሥራ የለውም ማለት አይደለም። አንዱን የቪክቶሪያ ሥራ ብዙ ሰው በየራሱ ጽፎ ጭኖታል። አንዱ በመጀመሪያው የድምፅ ከፍታ፣ ሌላው ዝቅ አድርጎ፣ ሌላው የኖታውን ርዝመት በግማሽ ቆርጦ። የባር (ኖታው የሚከፈልባቸው እኩል ክፍሎች) ቁጥራቸው አይገጥምም። የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ቴኖሮቹ (ከባስ ከፍ ያሉት ወንዶች) ቀድመው በየስልካቸው አውርደው መጡ። «ከባር 40» ሲባል ሁለቱ አንድ ቦታ፣ አንዱ ሌላ ቦታ ገባ። ሳቅ በሳቅ ሆንን፤ ሰዓቱ ግን የሚከፈልበት ነው።

ስለዚህ የድሮዎቹን በሙሉ ሙዝስኮር በሚባል የኖታ መጻፊያ እንደገና ጻፍኳቸው። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ የሚበላው ጊዜ ነው። ከሁሉ የሚያከራክረው የሻርፕና የፍላት ጉዳይ ነበር፤ ሻርፕ ኖታን በግማሽ ቶን (ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ያለው ርቀት) ከፍ፣ ፍላት ዝቅ ያደርጋል። በዚያ ዘመን ዘማሪው የሚይዘው የራሱን ድምፅ ብቻ ነበር። የባር መስመር የለም። የት ላይ ግማሽ ቶን ከፍ እንደሚል ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ ሙያተኛ ነውና ያውቀዋል ተብሎ ይታለፋል። የዛሬ አርታኢዎች ግምታቸውን ከኖታው በላይ በትንሹ ያስቀምጡታል። ሁለት እትም፣ ሁለት ግምት። ከመሪያችን ጋር ተቀምጠን አንድ በአንድ ወሰንን። ያልተስማማንበትን እሷ ወሰነች።

ከሶፕራኖ (ከላይኛው የሴት ድምፅ) በታች ያለው የአልቶው ጉዳይም አለ። የድሮው አልቶ በአብዛኛው ለወንድ ድምፅ ነው የተጻፈው፤ ለሴቶቹ አልቶዎቻችን በየቦታው በጣም ዝቅ ይላል። አንድ ቴኖር ወደ አልቶ አዛወርን። እሱ ደስ አለው፤ የቀሩት ቴኖሮች አኮረፉ፣ ምክንያቱም ታሊስ አምስት ድምፅ ነውና ቴኖር ሲያንሰን ይታወቃል። ቴኖር የተረፈው ኳየር እስካሁን አላየሁም።

የአዲሶቹ ኖታ በገንዘብ ነው። ፎቶ ኮፒ አንስቶ ማደል ሕገ ወጥ ነው፤ ቅጂ በሰው ቁጥር ይገዛል። ሎሪድሰን አንዱ ቅጂ 3 ፓውንድ ገደማ ወጣበት፤ ማክሚላን ትንሽ አነሰ። ሁለቱ ብቻ ከ110 ፓውንድ በላይ በሉ። የፔርትን «ማግኒፊካት» ለኳየሮች ኖታ ከሚያውስ ቤተ መጻሕፍት በ28 ፓውንድ ተከራየን፣ ፖስታውን ጨምሮ። በእርሳስ ብቻ ነው የሚጻፍበት፤ ሲመለስም በላጲስ ጠፍቶ። ለሁሉም የ2ቢ እርሳስ ገዝቼ አደልኩ፣ 6 ፓውንድ። እስክሪብቶ ይዞ የመጣ ሰው ላይ ዓይኔን አፈጥበታለሁ።

ለየድምፁ የመለማመጃ ኤምፒ3ም ከሙዝስኮር አውጥቼ ቴሌግራም ላይ ጫንኩ። አንዱ መስመር ጎልቶ፣ ሌሎቹ ደብዝዘው ይሰማሉ። ይህ ነገር ኋላ ላይ ጣጣ አመጣ፤ ከታች አለ።

ኦክቶበር፦ ድምፁ ይወርዳል

ቪክቶሪያን ጀምረን ስንጨርስ ወደ ግማሽ ቶን እንወርዳለን። ቱኒንግ ፎርኩ (ትክክለኛውን ከፍታ የሚሰጠው መቃኛ ሹካ) በመጨረሻ ሲመታ ሁሉም አንገቱን ይደፋል። ያለ መሣሪያ የሚዘምር ኳየር ሁሉ የሚያውቀው በሽታ ነው፤ መንስኤው ግን አንድ አይደለም።

አንደኛው የእኔ ኤምፒ3 ነው። ኮምፒውተሩ የሚያሰማው የፒያኖን መቃኛ ነው። ግማሽ ቶን 100 ሴንት ተብሎ ይከፈላል። ፒያኖ ላይ ሜጀር ሦስተኛ (ከዶ እስከ ሚ ያለው ርቀት) 400 ሴንት ነው። በተፈጥሮ ንጹሕ የሆነው ግን 386 ነው፤ 14 ሴንት ዝቅ ይላል። ንጹሑ አምስተኛ (ከዶ እስከ ሶል) ደግሞ ከፒያኖው በ2 ሴንት ከፍ ይላል። ሰዎች ቤታቸው ሆነው የፒያኖውን ሦስተኛ አጥንተው ይመጣሉ። ተሰብስበን ስንዘምር ጆሯቸው ንጹሑን ይፈልጋል። ግማሹ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ ይጎትታል። በጉተታው መሃል የሚሸነፈው ከፍታው ነው። በላዩ ላይ፣ ሁሉም ንጹሕ ሆኖ እንኳ አንዳንድ የኮርድ (አንድ ላይ የሚሰሙ ኖታዎች) አካሄድ ዞሮ ሲመለስ በራሱ ወደ 21 ሴንት ያህል ያንሸራትታል። ይህ ስሌቱ ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ በመቆጣት አይስተካከልም።

የሞከርነው፦

መጀመሪያ ቪክቶሪያን በግማሽ ቶን ከፍ አድርገን ጀመርን። ብዙ ኳየር የሚጠቀምበት ዘዴ ነው፤ ለምን እንደሚሠራ አጥጋቢ ማብራሪያ የሰጠኝ ሰው ግን የለም። ለእኛም ሠራ። መውረዱ በጣም ቀነሰ። ሶፕራኖዎቹ አላማረሩም።

ቀጥሎ ድሮን። ስልክ ላይ አንድ ድምፅ ሳያቋርጥ የሚይዝ አፕ ከፍተን፣ በትንሽ ስፒከር «ጂ» የሚባለውን ኖታ እየለቀቅን በላዩ ላይ ቀስ ብለን በአናባቢ ብቻ ዘመርን። ቃል የለም፣ «ኑ» ብቻ። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጆሮዬ አየሁ ማለት እችላለሁ። አልቶዎቹ ሦስተኛዋን ትንሽ ዝቅ ሲያደርጓት ኮርዱ መንቀጥቀጡን አቆመና ማንም ያልዘመረው ቀጭን ድምፅ ከላይ መጣ። አንዷ አልቶ መዝሙሯን አቋርጣ «ማነው?» ብላ ዞረች። ማንም አልነበረም። ኮርድ ሲጠራ እንዲህ ያደርጋል።

ኤምፒ3ዎቹን ከቴሌግራም አነሳኋቸው። መስመሩን ለማጥናት ጠቅመዋል፤ ከኦክቶበር በኋላ ግን ጉዳታቸው ይብሳል።

ሎሪድሰን ሌላ ዓለም ነው። ዲ ሜጀር በሚባለው የኖታ ስብስብ ውስጥ ሆኖ በየኮርዱ ላይ አንድ ተጨማሪ ኖታ ይለጥፋል። ወፍራምና ለስላሳ ነው። ለመዘመር ቀላል ይመስላል፤ ሁሉም ሰው ወዲያው ይወደዋል፤ ችግሩም ይኸው ነው። ሰው እየተደሰተ መስማት ያቆማል። መሪያችን ያደረገችው ጥሩ ነገር፣ ተጨማሪዎቹን ኖታዎች አውጥታ መጀመሪያ የኮርዱን መሠረትና አምስተኛውን ብቻ አዘመረችን። እሱ ሲጸና ሦስተኛው ገባ። የተለጠፈው ኖታ የገባው በመጨረሻ ነው። የቪክቶሪያው ልምምድ ለካ ለሎሪድሰን ነበር የጠቀመው።

ሥራው ውስጥ አንዲት ታዋቂ ኖታ አለች። «ቪርጎ» የሚለው ቃል ላይ አልቶዎቹ ጂ ሻርፕ ይዘምራሉ። በጠቅላላው ሥራ ከዲ ሜጀር ውጭ የሆነችው ኖታ እሷ ብቻ ናት። ሎሪድሰን ራሱ ብዙ እንደለፋባት ጽፏል፤ የእመቤታችንን ኀዘን ለማመልከት ነው ያስቀመጣት። አልቶዎቻችን ይህን ካነበቡ በኋላ በየልምምዱ ያችን ኖታ መጫን ጀመሩ። ከባለቤቷ በላይ አለቀሱባት። መሪያችን «ደራሲው አስቀምጧታል፣ እናንተ ተዋት» አለቻቸው። ሎሪድሰን ሥራውን ሲጽፍ ፊቱ የነበረው ዙርባራን በ1633 የሳለው ሥዕል ነው፤ ፓሳዴና በሚገኘው ኖርተን ሳይመን ሙዚየም አለ። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ አንድ ስኒ ውኃና አንዲት ጽጌረዳ።  ሥዕሉን በስልክ አሳየናቸው። ከንግግሩ ይልቅ እሱ ሠራ።

ኖቬምበር መጀመሪያ፦ መሪጌታው

የልምምዳችንን ቅጂ ለንደን ላሉ አንድ የማውቃቸው መሪጌታ በቴሌግራም ላክሁላቸው። የፓርሰንስ «አቬ ማሪያ» ነበር። አምስት ድምፅ ሆኖ ሶፕራኖዋ በየሐረጉ መነሻ አንድ ደረጃ ከፍ እያለች የምትሄድበት ሥራ ነው። እኔ ኩራት ብጤ ተሰምቶኝ ነበር። በድምፅ መልእክት መለሱልኝ፦

«ልጄ፣ ድምፃችሁ ያምራል፤ ይባርካችሁ። ግን አምስት ሰው አምስት ቦታ ሆኖ ሲናገር ቃሉን ማን ይስማው?»

በያሬድ ዜማ ላደገ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ግዕዝም ይሁን ዕዝል ወይም አራራይ፣ ሁሉም አንዱን ዜማ ነው የሚይዘው። እኔም ደወልኩና «የኔታ፣ ይህን የእርስዎን ጥያቄ ካቶሊኮቹም ጉባኤ ላይ አንሥተውታል» አልኳቸው። ከ1545 እስከ 1563 በተካሄደው የትሬንት ጉባኤ ላይ ነው። በ1562 ስለ ሙዚቃ ሲመከር ቃሉ ለሰሚው በግልጽ ይድረስ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ፓለስትሪና አንድ ቅዳሴ ጽፎ ፖሊፎኒን ከመታገድ አዳነው የሚለው ተረት የመጣውም ከዚያ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ባይቀበሉትም ተረቱ ቆንጆ ነው።

መሪጌታው ፓለስትሪና ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። በ1551 ሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን አለቃ የሆነ ሰው ነው አልኳቸው። «ታዲያ የእኛ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያ ጊዜ እዚያው አልነበሩም?» አሉኝ። ነበሩ። በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ሮም ላይ ያሳተሙት እሳቸው ናቸው። ይኖሩበት የነበረው የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስም ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ነው። «ታዲያ ሰምተውት ይሆናል፤ ምን እንዳሉ ግን አልጻፉልንም» ብለው ሳቁ።

ጥያቄያቸውን ግን ወደ ልምምድ ወሰድኩት። የሚቀጥለው ማታ የሠራነው ይህን ብቻ ነው። በፖሊፎኒ ውስጥ ሁሌም አንድ ድምፅ ዋናውን ሐረግ ይዞ ይገባል። ሌሎቹ በዚያ ሰዓት ቃላቸውን ጨርሰው አናባቢ ላይ ሲዞሩ ነው የሚገኙት። ስለዚህ ደንብ አወጣን፤ አዲስ ቃል የያዘ ይናገር፣ አሮጌ ቃል የያዘ ይሳሳ። ሁሉም የራሱን መግቢያዎች በኖታው ላይ በክብ አከበበ። የሌላው መግቢያ ሲመጣ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ሣለ። ባሶች ይህን ስንለምድ ጊዜ ወሰደብን። ባስ መሳሳት አይወድም።

ሁለተኛውን ቅጂ ላክሁላቸው። «አሁን ማርያም ሲል ሰማሁ» አሉ።

«ቦጎሮዲጼ ጄቮ» ብዙ አላስቸገረንም። ፔርት በ1990 ለኬምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ የገና አገልግሎት የጻፈው ነው፣ አንድ ደቂቃ ከምናምን። ጽሑፉ የቤተ ክርስቲያን ስላቮኒክ ነው። አንዷ ሶፕራኖ ቋንቋውን ስለምታውቅ አነባበቡን እሷ አስጠናችን። በፍጥነት ያልቃል፤ ሰው ይፈግጋል።

ኖቬምበር መጨረሻ፦ ቅደም ተከተል

ሁሉንም በተርታ ዘመርነው። የፈራሁት ደረሰ። ቪክቶሪያ ቀድሞ ሎሪድሰን ሲከተል፣ ቪክቶሪያ የሎሪድሰን መግቢያ ሆኖ ቀረ። አራት ደቂቃ የማትሞላ ቀጭን ነገር፣ ከዚያ ያ ሁሉ ማር። ሰሚ ቢኖር ቪክቶሪያን ወዲያው ይረሳው ነበር።

በአንጻሩ ታሊስና ማክሚላን ያለ ምንም ጣጣ ገጠሙ። ጽሑፋቸው አንድ አይደለም። ቋንቋቸው እንኳ ይለያያል፤ አንዱ ላቲን፣ አንዱ እንግሊዝኛ። «ኦ ናታ ሉክስ» እንዲያውም የገና አይደለም፣ የደብረ ታቦር መዝሙር ነው። ቡሄን በዲሴምበር እየዘመርን ነው ብዬ ለአንድ ጓደኛዬ ነግሬው ስቋል። ማክሚላን ግን «ኦ ሬዲያንት ዶውንን» በ2007 ሲጽፍ ጆሮው ላይ ታሊስ እንደነበረ ያስታውቃል። አከፋፈቱ የታሊስን አከፋፈት ያስተጋባል። ሁለቱም አራትና አምስት ድምፅ ይዘው ቃሉን አንድ ላይ ይናገራሉ። ታሊስ መጨረሻው ላይ የሚያስቀምጣት ግጭትም አለች፦ አንዱ ድምፅ አንዲትን ኖታ እንዳለች ሲዘምር ሌላው በግማሽ ቶን ከፍ አድርጎ ይዘምራታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የዘመራት ሰው ተሳስቻለሁ ብሎ ያቆማል። ይህችን ግጭት ሳያፍር የዘመረ ኳየር ማክሚላን ውስጥ ያሉትን ግጭቶች አይፈራም። ሥራው አማተሮች ሊዘምሩት እንዲችሉ ተብሎ ከተጻፉት፣ «የስትራዝክላይድ ሞቴቶች» ከሚባሉት አጫጭር የኳየር ሥራዎች አንዱ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዘማሪዎቹ ከዚችው ከግላስጎው ናቸው።

ፔርትም እንዲሁ ነው። «ማግኒፊካት» የተጻፈው በ1989 ነው። ሰውየው ለዓመታት ከሞላ ጎደል ዝም ብሎ የድሮውን የቤተ ክርስቲያን ዜማና ፖሊፎኒ ሲያጠና ቆይቶ በ1976 የራሱን ስልት ይዞ ወጣ። አንዱ ድምፅ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ሌላው የአንድ ኮርድ ኖታዎችን ብቻ ይደውላል። አንዲት ሶፕራኖ ሲ ላይ ትቆማለች። ከሁሉም ይልቅ የከበደን እረፍቱ ነበር። ሰው ዝምታ ውስጥ መቁጠር ይፈራል።

እኔ አሁን የደረስኩበት ሐሳብ፦ የሚያጣምራቸው አዲሱ ሰው ከድሮው ምን ሰማ የሚለው እንጂ ጽሑፉ አይደለም። መሪያችን በግማሹ ብቻ ትስማማለች። «ሎሪድሰንም የድሮውን ሰምቷል፣ አንተ ስለማትወደው ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ያን ያህል አልወደውም።

ያም ሆኖ መፍትሔውን ያገኘችው እሷ ናት። ተራውን ገለበጠችው። ሎሪድሰን ይቅደም፣ ቪክቶሪያ ይከተል። ከዚያ ሁሉ ውፍረት በኋላ ሁለት ድምፅ ብቻ፣ አንዱ አምስት ደረጃ ወርዶ ተመልሶ ግማሽ ቶን ሲወጣ፣ ክፍሉ የተራቆተ መሰለ። ሰዎች ቀና አሉ። ሎሪድሰን ዲ ላይ ያልቃል፤ ቪክቶሪያ በመጀመሪያው ከፍታው የሚነሣው በዲ ነው። ፎርክ እንኳ አያስፈልግም።

ችግር፦ ቪክቶሪያን በግማሽ ቶን ከፍ አድርገን ለምደነዋል። አሁን መመለስ አለብን። ሌላው ችግር፣ ሎሪድሰን ላይ ከወረድን ዕዳው ለቪክቶሪያ ይተላለፋል። መሪያችን «እንግዲያው አትውረዱ» አለች። ሌላ ምክር አልነበራትም። ወደ ድሮኑ ተመለስን፤ በዚህ ጊዜ በዲ።

ዲሴምበር፦ ቤተ ክርስቲያኑ

የተከራየነው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ለአንድ ማታና ለአንድ ልምምድ 260 ፓውንድ። ፊኛ አፈንድቼ በስልክ ቀዳሁት፤ ባዶውን ሆኖ ድምፁ እስኪጠፋ 4 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ሰው ካፖርቱን ለብሶ ሲገባበት እንደሚቀንስ ይታወቃል። ለፔርት እረፍቶች ገነት ነው፤ ዝምታው ውስጥ የቀደመው ኮርድ ይቆያል። ለፓርሰንስ ግን የመሪጌታው ጥያቄ እንደገና መጣ። ፍጥነቱን ትንሽ ቀነስን፤ ተነባቢዎቹን አጠነከርን።

ያላሰብነው ማሞቂያው ነው። ማራገቢያው ሲሠራ ያጉረመርማል። ልምምዱ ላይ ቪክቶሪያ ሲያልቅ ባሶች በየጊዜው ወደ ላይ እንሄዳለን፤ መውረድ ስንፈራ መውጣት ጀመርን። መቃኛውን አፕ ከፈትኩ። ማራገቢያው የሚጮኸው 100 ኸርዝ ላይ ነው። የዚህ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በእጥፉ ያጉረመርማል። የእኛ የመጨረሻ ኖታ ጂ ደግሞ 98 ኸርዝ ነው። ልዩነቱ 35 ሴንት ገደማ፣ የግማሽ ቶን ሲሶ መሆኑ ነው። ሳናውቀው ከማሞቂያው ጋር እየተቃኘን ነበር! ጠባቂው ማሞቂያውን ከዘጉት ሰው ይበርደዋል አሉ። ስምምነቱ፦ በሮች ከመከፈታቸው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይለኮስ፣ መዝሙር ሲጀመር ይጥፋ፣ በዕረፍት ሰዓት እንደገና ይብራ። ትኬት የቆረጡት ሁሉ ካፖርት ይዘው እንዲመጡ ኢሜይል ላክን።

አቋቋም፦ ለቪክቶሪያና ለታሊስ ተቀላቅለን፣ ከእያንዳንዱ ድምፅ አንድ አንድ ሰው ጎን ለጎን። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ራቁቱን የቆመ መሰለው፤ በኋላ ግን ኮርዱ ጎንህ ስላለ መቃኘት ይቀላል። ለፔርት በየድምፃችን ተመለስን። ለማክሚላን ባለንበት ቀረን፤ ከታሊስ በኋላ ሰው እንዲያጨበጭብ ክፍተት መስጠት አልፈለግንም።

ቀረጻ፦ ዙም ኤች5 የሚባል የድምፅ መቅረጫ ተዋስኩ። የራሱ ማይኮች ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ ኳየሩን ያጠብቡታል። ሁለት ትንንሽ ማይክ በ17 ሳንቲ ሜትር ርቀትና በ110 ዲግሪ ከፍቼ፣ 3 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ስታንድ ላይ ሰቀልኳቸው። ስታንዱ 35 ፓውንድ። ከመሪዋ ጀርባ ሁለት ሜትር ሲሆን ቃሉ ይሰማል፤ አራት ሜትር ሲሆን ማስተጋባቱ ይበልጣል። ሦስት ላይ ተውኩት። ስታንዱ እግር ላይ የአሸዋ ከረጢት አስሩበት፤ ካፖርት የያዘ ሰው ሁሉ እያለፈ ይነካዋል።

የኮንሰርቱ ማታ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ጠልቃለች። የማክሚላን ጽሑፍ በምዕራባውያን ሥርዓት ዲሴምበር 21 የሚባለው ጸሎት ነው፤ በጨለማ ላሉት ና አብራላቸው የሚል። ለግላስጎው ዲሴምበር ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። «ና» የሚለው ቃል እየተደጋገመ ሲመጣ አንድ ቴኖር በአንዱ «ና» ቀድሞ ገባ፤ ማስተጋባቱ ሸፈነው። ሎሪድሰን ሲያልቅ በጣም ትንሽ ወርደን ነበር፣ 10 ሴንት ቢሆን ነው። ቪክቶሪያን ከዚያው ከወረድንበት አነሣነው። ማሞቂያው ጠፍቷልና የሚከራከረን አልነበረም።

ፔርት ላይ ከኋላ አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ ልክ እረፍቱ ላይ። ቅጂው ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል። ላጠፋው ሞከርኩ፤ የኮርዱን ጭራ ይዞ ይጠፋል። ተውኩት።

ከኮንሰርቱ በኋላ፦ ሒሳብ

ወጪ፦ ኖታ ግዢና ኪራይ 145 ፓውንድ፣ ወረቀትና ቀለም 40፣ ቤተ ክርስቲያኑ 260፣ የልምምድ አዳራሽ 420፣ ስታንድ፣ እርሳስና ልዩ ልዩ 60፣ የመሪያችን አበል 500። በላዩ ላይ ለአዲሶቹ ሥራዎች ለሙዚቃ መብት ድርጅት የሚከፈለው አለ፤ ሂሳቡ ገና አልመጣም። ገቢ፦ ትኬት በ12 ፓውንድ፣ 110 ሰው ገደማ ከፍሎ ገባ። በአባላት መዋጮ ተደግፎ ብዙም ሳናተርፍ፣ ሳንከስርም ወጥተናል። የልምምድ አዳራሹ ነው የሚያስወጣን፤ በነፃ የሚያስገባን ቦታ እየፈለግሁ ነው።

በተከራየነው የፔርት ኖታ ላይ የተጻፈውን በላጲስ እያጠፋሁ ነው። አንድ ሰው በእስክሪብቶ ጽፎበታል። ማን እንደሆነ ከእጅ ጽሑፉ አውቄዋለሁ፤ የቅጂውን ዋጋ ይከፍላል።

መሪያችን ካርቨርን ለፋሲካ እንሞክረው እያለች ነው። ከሌላ ኳየር ስምንት ሰው መዋስ ይኖርብናል፤ ከነሱ ውስጥ ቢያንስ አራቱ ቴኖር መሆን አለባቸው። ለሁለት ኳየሮች ጽፌያለሁ። አንደኛው «ሶፕራኖ ስንት ትፈልጋላችሁ?» ሲል መልሷል።